ቲቪ ከመግዛታችሁ በፊት ሳሎናችሁን ለኩ፣ ከገዛችሁ በኋላ ደግሞ ያቺን ቢጫ ገመድ ጣሏት

ጎንደር ፒያሳ ካሉት ኤሌክትሮኒክስ ቤቶች አንዱ ጋ ገብታችሁ ብትቆሙ ግድግዳው ላይ የተደረደረው ቲቪ ሁሉ ያምራል፣ ርካሹም ውዱም ያምራል፣ ምክንያቱም የሚያጫውቱላችሁ በፍላሽ የመጣ የዓሳና የአበባ ቪዲዮ ነው፣ ለማሳያ ተብሎ በፎርኬ፣ ማለትም 4 ኬ በሚሉት በጣም ጥርት ባለ ምስል የተቀረፀ፣ ቀለሙም እስከ ጥግ የተለቀቀ። ቤት ወስዳችሁ ከድሮው ሪሲቨር ጋር ስትሰኩት ግን የዜና አንባቢዋ ፊት ሊጥ ይመስላል፣ ከስር የሚያልፈው ፅሁፍ ይንቀጠቀጣል፣ ከዛ "ፎርጅድ ሸጡልኝ" ይጀመራል። አብዛኛውን ጊዜ ቲቪው ምንም አልሆነም። ቲቪ የሰጡትን ነው የሚያሳየው። ስለዚህ ቲቪ ልግዛ እስኪ ምከረኝ ለሚለኝ ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ብር አለህ ብዬ ሳይሆን ምን ልታይበት ነው፣ በምን በኩልስ ነው የሚገባልህ ብዬ ነው።

ምን ልታዩበት ነው

ቤታችሁ ያለው ዲሽ ብቻ ከሆነ፣ ማለትም ኢትዮሳት ላይ ያሉትን ኢቲቪን፣ አሚኮን፣ ፋናን፣ ኢቢኤስን እያያችሁ ቡና ምትጠጡ ከሆነ ፎርኬ ቲቪ አያስፈልጋችሁም፣ በቃ። ከነዚህ ቻናሎች ጥሩዎቹ ኤችዲ ናቸው፣ ሁሉም ግን ኤችዲ አይደሉም፣ ኤችዲ የሆነው ራሱ ፕሮግራሙ በምን ካሜራ እንደተሰራ ይለያያል። ዲኤስቲቪ ላላችሁ ኳሱ የሚመጣው በኤችዲ ነው፣ እሱም ቢሆን ፎርኬ አይደለም። ዩቲዩብና ኔትፍሊክስ በዋይፋይ የምታዩ ብቻ ናችሁ ስለ ፎርኬ ቁምነገር ልታወሩ የምትችሉት፣ እናንተም ብትሆኑ ኢንተርኔታችሁ ከቻለ ነው። ኔትፍሊክስ ራሱ ለፉል ኤችዲ 5 ሜጋ ቢት በሰከንድ፣ ለፎርኬ 15 ነው የሚለው፣ ዳታውም በኤችዲ በሰዓት እስከ 3 ጊጋ፣ በፎርኬ እስከ 7 ጊጋ ይበላል። በሞባይል ሆትስፖት ፎርኬ አያለሁ የሚል ሰው ካለ ጥቅሉን ይቁጠርና ያስብበት።

ቁጥሮቹን አንዴ ልንገራችሁና እንለፍ። ኤችዲ ሲባል ቢያንስ 1280 በ720 ነጥብ ነው፣ ፉል ኤችዲ 1920 በ1080፣ ፎርኬ የሚሉት 3840 በ2160። አብዛኛው 32 ኢንች ቲቪ ግን 1366 በ768 ነው፣ ካርቶኑ ላይ "ኤችዲ" ይላል፣ ውሸትም አይደለም፣ ፉል ኤችዲ ግን አይደለም። ጉድ ያለው ስማቸው የማይታወቅ ቲቪዎች ካርቶን ላይ ነው፣ "ፎርኬ" ተብሎ በትልቁ ይፃፍና በትንሹ "ሰፖርትድ" የምትል ቃል ትጨመራለች፣ ያ ማለት የፎርኬ ፋይል ተቀብሎ አሳንሶ ያሳያችኋል ማለት ነው እንጅ ስክሪኑ ፎርኬ ነው ማለት አይደለም። ከካርቶኑ ይልቅ የሞዴል ቁጥሩን በስልካችሁ ፈልጋችሁ እዛው ሱቁ ውስጥ "ሪዞሉሽን" የሚለውን አንብቡ፣ ባለሱቁ ቅር ቢለው ይበለው።

ስንት ኢንች

ሜትር ያዙና ከሶፋችሁ መደገፊያ እስከ ቡፌው ለኩ። ሱቅ ሄዳችሁ "ይሄ ለሳሎን ይበቃል?" አትበሉ፣ ሱቁ ሰፊ ነው፣ ጣሪያውም ረጅም ነው፣ እዛ ትንሽ የመሰላችሁ 55 ኢንች ኮንዶሚኒየም ስታስገቡት በር ያክላል።

ኢንቹ የሚለካው ከጥግ ወደ ጥግ ሰያፍ ነው፣ 1 ኢንች 2.54 ሴንቲ። ስለዚህ 32 ኢንች 81 ሴንቲ አካባቢ፣ 43 ኢንች 109፣ 55 ኢንች 140 ይሆናል። አሁን ዋናው ነገር፣ ጤነኛ ዓይን ያለው ሰው የፉል ኤችዲን ነጥቦች በሙሉ መለየት የሚችለው ከሰያፉ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ቀርቦ ሲቀመጥ ነው። 43 ኢንች ከሆነ 1.7 ሜትር፣ 55 ከሆነ 2.2 ሜትር አካባቢ ማለት ነው። ከዛ ከራቃችሁ ዓይናችሁ ፎርኬውንና ፉል ኤችዲውን አይለይም። 43 ኢንች ፎርኬ ገዝቶ ሦስት ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው ለማያየው ነገር ነው የከፈለው። ለ32ቱም እንደዛው ነው፣ ከ1.8 ሜትር በላይ ርቃችሁ ከሆነ ምታዩት ያ 1366 በ768 ያለው ፉል ኤችዲ ካለው ብዙም አይለይባችሁም፣ የልጆች ክፍል ወይ መኝታ ቤት ለሚገባ ይበቃል።

እኔ የምለው፣ ሶፋችሁ ከ2 እስከ 2.5 ሜትር ላይ ከሆነ 43፣ እስከ 3 ሜትር ከሆነ 50 ወይ 55። ከዛ በላይ ትልቅ ስትገዙ ችግሩ ኤችዲ ያልሆኑት ቻናሎች ናቸው፣ ስክሪን በተለቀ ቁጥር የነሱ ጉድለት አብሮ ይተልቃል። ኳስ ወዳድ ቤት ግን ትንሽ ከፍ በሉ፣ ፋሲል ከነማ በ2013 ሊጉን ሲበላ በ32 ኢንች በድሮ ሪሲቨር ያየ ሰው የተጫዋቹን ቁጥር በግምት ነበር የሚያውቀው።

እና አንድ ነገር፣ ሳሎን ውስጥ ሰው ፊት ለፊት ብቻ አይቀመጥም። የኛ ቤት በግራም በቀኝም ዙሪያውን ነው የሚቀመጠው፣ በበዓል ደግሞ በርጩማውም ይሞላል። አንዳንድ ስክሪን፣ ቪኤ የሚባለው፣ ፊት ለፊት ሲታይ ጥቁሩ ጥልቅ ነው፣ ከጎን ሲታይ ግን ቀለሙ ይታጠባል። አይፒኤስ የሚባለው ጥቁሩ ትንሽ ግራጫ ይላል፣ ከጎን ግን ያው ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ባለሱቁን አትጠይቁት፣ አያውቀውም፣ ቲቪው በርቶ እያለ ግድግዳው ጥግ ድረስ ሄዳችሁ በሰያፍ እዩት፣ የሰው ፊት ከገረጣባችሁ ለዙሪያ መቀመጫ አይሆንም። ኤልኢዲ፣ ኪውኤልኢዲ የሚሉት ሁሉ ያው ኤልሲዲ ከጀርባው መብራት ያለው ነው። ኦኤልኢዲ ብቻ ነው የተለየ፣ ነጥቡ ራሱ ያበራል፣ ጥቁሩ እውነተኛ ጥቁር ነው፣ ዋጋውም እንደዛው፣ ግን የቻናል ሎጎ ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ የሚውልበት ቤት ከሆነ ጠባሳ ሊተውበት ስለሚችል ቲቪ ከጧት እስከ ማታ ለማይጠፋበት ቤት አልመክረውም።

ያገለገለ የምትፈልጉ ካላችሁ ፕላዝማ አትግዙ። ምስሉ አሪፍ ነው፣ እውነት ነው፣ ግን ትልልቆቹ ካምፓኒዎች በፈረንጆቹ 2014 አካባቢ መስራት አቁመዋል፣ መለዋወጫው የለም፣ በዛ ላይ ፕላዝማ በጋዝ ስለሚሰራ ከፍታ ላይ ሲሆን የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ይጮሃል፣ ብዙዎቹ የተሰሩት ከ2,000 ሜትር በታች ላለ ቦታ ነው፣ ጎንደር ደግሞ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ዝዝዝ የሚል ቲቪ ብታገኙ ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል፣ አገሩ ከፍ ስላለበት ነው።

ከአሜሪካ የመጣ ቲቪ

ጎንደር ዘመድ ውጭ የሌለው ቤት ጥቂት ነው፣ ለጥምቀት ሲመጡም ሲላክም ቲቪ አብሮ ይመጣል። ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባው ላይ ያለችውን ትንሽ ወረቀት አንብቡ። "100-240" ካለ ችግር የለም፣ ሶኬቱን አቀያይራችሁ ሰኩት። "110-120" ብቻ ካለ ግን የኛ መብራት 220 ነው፣ በሰካችሁበት ቅፅበት ውስጡ ይቃጠላል። ሳምሰንግ ከሆነ ደግሞ የሞዴሉ ፊደል ይነግራችኋል፣ ዩኤን ብሎ የሚጀምር ለሰሜን አሜሪካ የተሰራ ነው፣ ዩኤ ለኛም ለእስያም፣ ዩኢ ለአውሮፓ። ዩኤን ከሆነ ቮልቴጁን ሳታዩ እንዳትነኩት፣ 110 ብቻ ከሆነ 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ቲቪው ከሚፈጀው ዋት በላይ የሚችል ግዙ። የአሜሪካ ቲቪ ውስጡ ያለው የቻናል መቀበያ የኛን ሲግናል ስለማያነብም የራሱን የቻናል ፍለጋ እርሱት፣ በሪሲቨር ካያችሁበት ግን ብዙውን ጊዜ ችግር የለውም።

ሱቅ ውስጥ

ስልካችሁ ላይ አምስት ፎቶ አዘጋጁ፣ ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁር፣ ሙሉ ቀይ፣ ሙሉ አረንጓዴ፣ ሙሉ ሰማያዊ፣ ፍላሽ ላይ ገልብጣችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ካርቶኑ የተከፈተውን ማሳያ ሳይሆን የምትወስዱትን ራሱን ይክፈቱላችሁ፣ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አሳዩት። ነጩ ላይ ጥቁር ነጥብ ካለ የሞተ ነው፣ ጥቁሩ ላይ የሚያበራ ነጥብ ካለም ብልሽት ነው፣ ጥቁሩ ላይ ጥግ ጥግ በኩል ደመና የመሰለ ብርሃን ካፈተለከ ማታ መብራት አጥፍታችሁ ፊልም ስታዩ ይረብሻችኋል። ባለሱቁ "የኔ ወንድም፣ ይሄ ኦሪጅናል የዱባይ ነው፣ ምን ያስፈትሽሃል" ይላል፣ ፈገግ በሉለትና ቀጥሉ። ከፍላሹ ቪዲዮ በኋላ ሪሲቨር ሰክቶ ተራ ቻናል እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፣ እቤት የምታዩት እሱን ስለሆነ።

ከጀርባው ኤችዲኤምአይ የሚባለው ጠፍጣፋ መሰኪያ ስንት እንዳለው ቁጠሩ፣ ሁለት ትንሹ ነው፣ ሪሲቨር አንድ ዲኮደር አንድ ከሆነ ሞላ፣ ስለዚህ ሦስት ካለው እሱን። የሳተላይት ማስገቢያ፣ ዲቪቢ ኤስ2 የሚሉት፣ ካለው ደግሞ ነፃ ቻናሎቹን ያለ ሪሲቨር በአንድ ሪሞት ታያላችሁ፣ ለአዛውንት ቤት በተለይ ትልቅ ነገር ነው፣ እማማ ሁለት ሪሞት ይዘው የትኛው ድምፅ እንደሚቀንስ ሲፈልጉ ማየት ያደክማል። ደረሰኝና ጋራንቲው በፅሁፍ፣ ማህተም ያለው፣ የቲቪው ሲሪያል ቁጥር የተፃፈበት ይሁን። የስክሪን ስብራት ጋራንቲ ውስጥ አይገባም፣ ስለዚህ ከሱቁ በር እስከ ቤታችሁ ያለው መንገድ የራሳችሁ ነው።

እና መንገዱ። 43 ኢንች በባጃጅ ከፒያሳ አዘዞ ይሄዳል፣ ችግር የለውም፣ ግን ተኝቶ አይሄድም። ካርቶኑ ላይ ቀስት አለ፣ ቀስቱ ወደላይ፣ ቆሞ፣ ሰው ከኋላ ተቀምጦ በሁለት እጁ ጠርዝ ጠርዙን ይዞት፣ መሃሉን ሳይጫን። ስክሪኑ ቀጭን ነው፣ ተኝቶ ጉድጓድ ሲገባ የራሱ ክብደት መሃሉን ይሰብረዋል። ስታወጡትም በሁለት ሰው፣ ጣት ስክሪኑ ላይ ሳያርፍ።

የት ይቀመጥ

ግድግዳ ላይ መስቀል ፋሽን ሆኗል፣ እኔ ለጭቃ ቤት አልደግፍም፣ ካልሆነ ግን አሰራሩን እወቁ። ጭቃ ግድግዳ ፊሸር አይዝም፣ ድሪሉ ሲገባ ጭዱና አፈሩ እየፈረሰ ቀዳዳው ይሰፋል፣ መጀመሪያ ቀን ቀጥ ብሎ ይቆማል ከወር በኋላ ወደፊት ማዘንበል ይጀምራል። ግድግዳውን በጣታችሁ ከጎን ወደ ጎን አንኳኩት፣ ጭቃው ድፍን ብሎ ይሰማል፣ ቋሚው ጋ ሲደርስ ድምፁ ጠንከር ይላል፣ በቀጭን ምስማር ወግታችሁ እንጨት መሆኑን አረጋግጡ። ሁለት ቋሚ ላይ ጠንካራ ጣውላ አግድም በረጅም ብሎን እሰሩ፣ የቲቪውን ብረት ጣውላው ላይ። ብሎኬት ከሆነ ደግሞ ውስጡ ባዶ ነው፣ ተራ ፊሸር ባዶው ውስጥ ይንሸራተታል፣ የብሎኬቱ መጋጠሚያ ወይም ኮለን ላይ ካላረፈ ለባዶ ብሎኬት የተሰራውን የሚከፈተውን ፊሸር ጠይቁ። የብረቱ ቀዳዳና የቲቪው ጀርባ ቀዳዳ ርቀት መግጠም አለበት፣ ከመግዛታችሁ በፊት በማስመሪያ ለኩት፣ 200 በ200 ሚሊ ብዙ 43 ኢንች ላይ ይገኛል።

ከፍታው ላይ የኛ ሰው ያበዛዋል። ቲቪው ጣሪያ ስር ይሰቀላል፣ እንግዳ አንገቱን ቀና አድርጎ ሆቴል እንደተቀመጠ ያያል። የስክሪኑ መሃል ሶፋ ላይ ስትቀመጡ ዓይናችሁ ያለበት ይሁን፣ ከወለል 1 ሜትር እስከ 1.10። ቡፌ ላይ ካስቀመጣችሁት ራሱ እዛው አካባቢ ይመጣል፣ ስለዚህ ቡፌው በቂ ነው፣ ልጅ ያለበት ቤት ብቻ እንዳይጎትቱት ከኋላ በገመድ ወይ በብሎን ከቡፌው ጋር እሰሩት፣ የዘመኑ ቲቪ እግሩ ጠርዝ ላይ ነው፣ በቀላሉ ይገለበጣል።

መስኮት ፊት ለፊት አታድርጉት፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትገባ ራሳችሁን ነው ምታዩት። መስኮት ከጎን ይሁን። ዳንቴሉን ደግሞ አንሱት፣ በድሮው ትልቅ ቴሌቪዥን ላይ ያምር ነበር፣ በአሁኑ ግን ከላይ ያለውን የሙቀት መውጫ ይዘጋል፣ ማታ ስታጠፉት ከአቧራ ሸፍኑት ቀን ግን አይሁን። የቡና ከሰሉንም አንድ ሜትር ተኩል ያህል ራቅ አድርጉት፣ የከሰል ሙቀትና የዕጣን ጭስ ከስር በቀጥታ ሲወጣበት ስክሪኑ ላይ ቅባት የመሰለ ነገር ይለጥፋል። ስትጠርጉት ደረቅ ለስላሳ ጨርቅ፣ የመነፅር ማፅጃው ዓይነት። ሶፍት ይጭራል፣ አልኮልና የመስታወት ፈሳሽ የስክሪኑን ሽፋን ይልጠዋል።

ያቺ ቢጫ ገመድ

እዚህ ጋ ቆም በሉ፣ ብዙ ቤት የሚበላሸው እዚህ ነው። ሪሲቨራችሁ ከቲቪው ጋር የተገናኘው ቀይ ነጭ ቢጫ ባለው ኤቪ ገመድ ከሆነ ቲቪያችሁ 4 ኬም ይሁን 8 ኬ ኤችዲ አያሳይም፣ አይችልም፣ ቢጫዋ ገመድ የምታልፈው የድሮውን ጥራት ብቻ ነው። ጣሏት። በሰፊው ጠፍጣፋ ጫፍ ባለው ኤችዲኤምአይ ገመድ ሰኩ፣ ሪሲቨሩ ኤችዲኤምአይ ከሌለው ሪሲቨሩ ነው መቀየር ያለበት፣ የድሮዎቹ ኤችዲ ቻናሎችን ጭራሽ አይከፍቱም፣ ድምፅ ብቻ ይመጣል ወይ ጥቁር ይሆናል። ገመዱ ወርቅ ቅብ መሆን የለበትም፣ ሁለት ሜትር ተራ ገመድ ለፉል ኤችዲ ይበቃል፣ ወይ ይሰራል ወይ አይሰራም እንጅ ውዱ ምስል አያሳምርም።

ከዛ ሪሲቨሩ ሴቲንግ ውስጥ ግቡ፣ የምስል ውፅዓት የሚለው ላይ 576 ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ 1080 አድርጉት፣ ቅርፁን ደግሞ 16፡9። ዲኤስቲቪ ዲኮደርም እንዲሁ። ይቺን ብቻ አስተካክዬ ስሄድ ሰው አዲስ ቲቪ የገዛሁለት ነው የሚመስለው። ቲቪው ላይ ደግሞ የምስሉ ጠርዝ የተቆረጠ ከሆነ፣ ከስር የሚያልፈው ዜና ግማሹ ከጠፋ፣ ስክሪን ሳይዝ ውስጥ ገብታችሁ ኤልጂ ላይ "ጀስት ስካን"፣ ሳምሰንግ ላይ "ፊት ቱ ስክሪን"፣ ሶኒ ላይ "ፉል ፒክስል" የሚለውን ምረጡ። የሰው ፊት ጎኑ ከሰፋ ምስሉ ተለጥጧል ማለት ነው፣ ድሮ የተቀረፀ ነገር በ4፡3 ነው፣ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ይታይ፣ ስክሪኑን ካልሞላው ብላችሁ አትለጥጡት።

ቀለሙ

ስትከፍቱት መጀመሪያ "ሆም" ወይስ "ስቶር" ብሎ ይጠይቃል፣ ሆም። ስቶር ካላችሁት በየጊዜው ራሱ ወደ ሱቅ ድምቀቱ ይመለሳል። የምስል ሞዱ ቪቪድ ወይ ዳይናሚክ ላይ ከሆነ አንሱት፣ "ሲኔማ" ወይ "ሙቪ" አድርጉት። መጀመሪያ ቢጫ ቢጫ ይላችኋል፣ ሁለት ቀን ታገሱት፣ ዓይናችሁ ሲለምድ ያኛው ሰማያዊ እንደነበር ይገባችኋል፣ የሰው ቆዳ የሰው ቆዳ የሚመስለው በዚህ ነው። ሻርፕነስን ወደ ታች አውርዱት፣ ጥራት የሚጨምር ይመስላል፣ ግን የሚሰራው በፅሁፉ ዙሪያ ነጭ ጥላ መሳል ነው፣ ያ የሚንቀጠቀጠው ፅሁፍ አንዱ ምክንያት እሱ ነው። ብራይትነስ የሚለው በብዙ ቲቪ ላይ የስክሪኑን ብርሃን አይደለም የሚነካው፣ ጥቁሩን ነው፣ ቀን ላይ ስክሪኑ ደብዛዛ ከሆነባችሁ ምትጨምሩት ባክላይት የሚለውን ነው፣ ኢነርጂ ሴቪንግ ከበራ እሱም እያደበዘዘባችሁ ስለሆነ አጥፉት። ፊልሙ እንደ ድራማ ልስልስ ብሎ ከፈሰሰባችሁ ደግሞ ትሩሞሽን፣ ሞሽን ፕላስ፣ ሞሽንፍሎ የሚሉት ነው፣ ለፊልም አጥፉት፣ ለኳስ ከወደዳችሁት ትንሽ ተዉት።

ድምፁ ደካማ ነው፣ የሁሉም ቀጭን ቲቪ ደካማ ነው። ቤት ያለ ጂፓስ ስፒከር ካለ የቲቪው የኢርፎን ቀዳዳ ላይ ሰክታችሁ ቀይና ነጩን ወደ ስፒከሩ፣ አለቀ። ሳውንድባር ከገዛችሁ ኤአርሲ የሚል የተፃፈበት ኤችዲኤምአይ ላይ ሰኩት።

ፊልም በፍላሽ ምታስጭኑ ደግሞ ትልልቁ ፋይል አልገለበጥ ካለ ፍላሹ ፋት32 ስለሆነ ነው፣ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፣ ኤክስፋት ወይ ኤንቲኤፍኤስ አድርገው ፎርማት ያድርጉላችሁ፣ ቲቪው የቱን እንደሚያነብ አስቀድማችሁ ሞክሩ።

ዲሹ

ኢትዮሳት 57 ዲግሪ ምስራቅ ላይ ነው። ከጎንደር ሲታይ ወደ ምስራቅ ደቡብ ምስራቅ፣ ኮምፓስ ላይ 122 አካባቢ፣ ከፍታው ደግሞ 63 ዲግሪ ገደማ፣ ማለትም በጣም ቀና ያለ ነው፣ ሰሃኑ ሰማዩን የሚያይ ነው የሚመስለው። ናይልሳት በአንፃሩ ወደ ምዕራብ ነው፣ 37 ዲግሪ አካባቢ ዝቅ ብሎ፣ ስለዚህ ጎረቤት ዲሽ አይታችሁ የራሳችሁን ወደዛ አታዙሩ፣ እሱ ሌላ ሳተላይት እያየ ይሆናል። ኢትዮሳት ከፍ ያለ ስለሆነ የጎረቤት ፎቅም ዛፍም ብዙ አይጋርደውም፣ መጥፎነቱ ዝናብና በረዶ ሰሃኑ ላይ ይቀመጥበታል። ክረምት ላይ ዶፍ ሲወርድ ምስሉ መቆራረጡ ያለ ነው፣ ዝናቡ ሲያባራ ካልተመለሰ ግን የተነቃነቀው ሰሃኑ ነው ወይ ውሃ ገመዱ ጫፍ ገብቷል። ባለሙያው ሲያስተካክል ሲግናል "ኳሊቲ" የሚለውን እዩ፣ "ስትሬንግዝ" ሙሉ ሆኖም ኳሊቲው ዜሮ ሊሆን ይችላል፣ የሚፈለገው ኳሊቲው ነው። የገመዱን ጫፍ በጎማ ቴፕ ሳያጠብቅ ከጣሪያው እንዳይወርድ።

መብራት

ቲቪ የሚገድለው መብራቱ ሲጠፋ ሳይሆን ሲመለስ ነው። ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ከመጣ በኋላ አምስት ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ ሰኩ፣ ቤት የማትውሉ ከሆነ መብራት ሲመለስ ጠብቆ የሚያበራውን ጋርድ የሚሉትን ግዙ። ስታብላይዘር ከ100 እስከ 240 ለሚሰራ ቲቪ የግድ አይደለም፣ ቮልቴጅ በጣም ለሚዋዥቅበት ሰፈር ግን አይጠላም። ዲቫይደሩ ርካሽ ከሆነና ቲቪ፣ ሪሲቨር፣ ምጣድ አንድ ላይ ከተሰኩበት እሱ ራሱ ይቀልጣል፣ ምጣድ ለብቻው።

ነጎድጓድ ሲጀምር የመብራቱን ሶኬት ብቻ መንቀል አይበቃም፣ ከዲሽ የሚመጣውን ገመድ ከሪሲቨሩ ኋላ ፈታችሁ አውጡት፣ ጣሪያ ላይ ያለው ብረት መብረቁን በዛ ገመድ ነው ወደ ቤት የሚያስገባው፣ ከሪሲቨሩ ደግሞ በኤችዲኤምአዩ ወደ ቲቪው ይቀጥላል። ነጎድጓዱ ከመቅረቡ በፊት ነው ታዲያ፣ ከላይ እየጮኸ ገመድ አትንኩ።